ማስፈራራት

ማስፈራራት ማለት አንድ ሰው ወይም ቡድን ሌላውን ሆን ብሎ በፍርሃት ውስጥ በመክተት የማይፈልገውን እንዲያደርግ ወይም የሚፈልገውን እንዲተው ለማድረግ የሚፈጽመው ድርጊት ነው። በቃል፣ በጽሑፍ፣ በዓይን፣ በእጅ ምልክት፣ መሣሪያ በማሳየት፣ አንዳንዴም ምንም ሳይናገሩ በር ላይ በመቆም ሊፈጸም ይችላል። ከድብደባ የሚለየው ጉዳቱ ገና ያልደረሰ በመሆኑ ነው። አስፈራሪው የሚጠቀመው በጉዳቱ ሳይሆን ጉዳቱ ይደርሳል በሚለው ፍርሃት ነው።

በአማርኛ ቃሉ ሰፊ ቦታ ይሸፍናል። እናት ልጇን «ጅብ መጣልህ» ብላ ስታስተኛ፣ አበዳሪ ተበዳሪውን «እንገናኛለን» ሲል፣ የታጠቀ ሰው ምስክርን «ፍርድ ቤት ብትሄድ ዋ!» ሲል ሦስቱም ማስፈራራት ይባላሉ። የመጀመሪያው የቤት ልማድ ሲሆን የመጨረሻው ግን ከባድ ወንጀል ነው። ስለዚህ ቃሉን በትክክል ለመጠቀም የተነገረውን ብቻ ሳይሆን ማን፣ ለማን፣ ለምን እንደተናገረውም ማየት ያስፈልጋል።

የቃሉ አመጣጥና እርባታ

«ማስፈራራት» የተገኘው «ፈራ» ከሚለው ግሥ ነው። ግሡ በግዕዝ «ፈርሀ» ሲሆን «ፍርሃት» እና «ፈሪሃ እግዚአብሔር» የሚሉትም ከዚሁ ሥር የወጡ ናቸው። የአማርኛው እርባታ የሚከተሉትን ቃላት ይሰጣል፦

• ፈራ፦ ፍርሃት ተሰማው። «ልጁ ውሻ ፈራ።»
• አስፈራ፦ ለፍርሃት ምክንያት ሆነ። «ጨለማው አስፈራኝ።»
• አስፈራራ፦ ሌላው እንዲፈራ ሆን ብሎ አደረገ። «ዘበኛው ልጆቹን በዱላ አስፈራራቸው።»
• አስፈሪ፦ ሲያዩት የሚያስፈራ ነገር። «አስፈሪ ገደል።»
• አስፈራሪ፦ የማስፈራራትን ሥራ የሚሠራ ሰው።
• ማስፈራሪያ፦ ለማስፈራራት የሚያገለግል ቃል ወይም ዕቃ። «የሞት ማስፈራሪያ ደረሰው።»

«አስፈራ» እና «አስፈራራ» የሚለያዩት በአንድ ፊደል መደገም ብቻ ነው፤ የትርጉማቸው ርቀት ግን ትልቅ ነው። «ጨለማ ያስፈራል» ይባላል፤ «ጨለማ ያስፈራራል» ግን አይባልም፤ ጨለማ ሐሳብና ዓላማ የለውምና። «ሰበረ» ተደግሞ «ሰባበረ» ሲሆን የድርጊቱን መደጋገም እንደሚያሳይ ሁሉ፣ «አስፈራራ» ውስጥ ያለው ድግም ከጀርባው አንድ አድራጊ፣ አንድ ጥረትና አንድ ፍላጎት እንዳለ ያመለክታል። አንድ ግዙፍ ሰው በመልኩ ብቻ አስፈሪ ሊሆን ይችላል፤ አስፈራሪ የሚሆነው ግን ግዝፈቱን ሌላውን ለማዘዝ ሲጠቀምበት ነው።

«ማስፈራሪያ» ከሚባሉት ነገሮች አንዱ ገበሬ በማሳው መካከል የሚያቆመው የወፍ ማስፈራሪያ ነው። እንጨት ላይ አሮጌ ልብስ ይለብሳል፤ አይራመድም፤ ድንጋይ አይወረውርም። ማሳውን የሚጠብቀው ወፏ ሰው ነው ብላ እስካሰበች ድረስ ነው። ብዙ ማስፈራራት የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው፤ ኃይሉ ያለው ከአስፈራሪው እጅ ይልቅ በተፈራራው ሰው ግምት ውስጥ ነው።

ፍርሃትና ክብር

ከዚሁ ሥር የወጡ አንዳንድ ቃላት ክፉ ትርጉም የላቸውም። «ፈሪሃ እግዚአብሔር ያለው ሰው» ማለት ምስጋና ነው። «ተፈሪ» የሚለው የወንድ ስም «የሚፈራ፣ የሚከበር» ማለት ሲሆን፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ዘውድ ከመጫናቸው በፊት ራስ ተፈሪ መኮንን ይባሉ ነበር። በብዙ ቤተሰብም ልጆቹ «የሚፈሩት» አባት እንደ ጥሩ አባት ይቆጠራል። «ታላቅን መፍራት» ሲባል ብዙውን ጊዜ ታላቅን ማክበር ማለት ነው።

ፍርሃትና ክብር በአንድ ቃል መጠራታቸው አንዳንዴ ችግር ይፈጥራል። አለቃውን የሚፈራ ሠራተኛ «አክባሪ ነው» ይባላል፤ ባሏን የምትፈራ ሴት «ጨዋ ናት» ትባላለች። በውጭ ሲታዩ ሁለቱ አይለዩም፤ የሚያከብርም የሚፈራም ሰው አንገቱን ይደፋል፣ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ልዩነቱ የሚታወቀው ሰውየው «አይ፣ አልፈልግም» ለማለት ሲሞክር ነው። የሚከበር ሰው እምቢ ሲባል ያዝን ወይም ይከራከር ይሆናል፤ የሚያስፈራራ ሰው ግን እምቢታውን ያስከፍላል።

ከተቀራራቢ ቃላት ጋር ያለው ልዩነት

ዛቻ፦ «እንዲህ አደርግሃለሁ» ብሎ ወደፊት የሚደርስን ጉዳት መናገር ነው። ዛቻ ከማስፈራሪያ መንገዶች አንዱ ነው። ዛቻ ሁሉ ለማስፈራራት ይሆናል፤ ማስፈራራት ሁሉ ግን ዛቻ የለበትም። ሽጉጡን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ስለ መሬት ዋጋ በትሕትና የሚነጋገር ሰው አልዛተም፤ እያስፈራራ ግን ነው። በዜና ላይ «ዛቻና ማስፈራሪያ» ተብለው አብረው የሚጠሩት ሁለቱ ብዙ ጊዜ ስለማይለያዩ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ስለ አንድ አደጋ አስቀድሞ ማሳወቅ ነው። «ሽቦው ኤሌክትሪክ አለው፣ አትንካው» የሚል ሰው አደጋውን አልፈጠረውም፤ ሰሚው ቢተርፍ የሚጠቀመውም ሰሚው ራሱ ነው። በማስፈራራት ግን አደጋው ያለው በተናጋሪው እጅ ነው፤ የሚጠቀመውም ተናጋሪው ነው። አስፈራሪዎች ብዙ ጊዜ «እኔ ለአንተ ብዬ ነው»፣ «ምክር ነው» የሚሉት ማስፈራሪያቸውን ማስጠንቀቂያ ለማስመሰል ነው።

ማስገደድ፦ ሰውን ያለ ፈቃዱ አንድ ነገር ማሠራት ነው። ማስፈራራት መንገዱ ሲሆን ማስገደድ ብዙ ጊዜ ውጤቱ ነው።

ማሸማቀቅ፦ ሰውን በስድብ፣ በፌዝ ወይም በግልምጫ አንገቱን እንዲደፋ ማድረግ ነው። ማሸማቀቅ ከፍርሃት ይልቅ ኀፍረትን ይጠቀማል፤ በተግባር ግን ሁለቱ ይቀላቀላሉ።

ሽብር፦ ጥቂቶችን በመጉዳት ብዙዎችን ማስፈራራት ነው። የተጎዳው ሰው አንድ ቢሆንም መልእክቱ የተላከው ለሚያየው ሕዝብ ነው።

ፉከራ፦ ጀግና የራሱንና የወገኑን ጀብዱ እየጠራ የሚያሰማው የድፍረት ንግግር ነው። ከሽለላና ከቀረርቶ ጋር ጠላትን የማስደንገጥና ወገንን የማጀገን ሥራ ነበረው። ዛሬ በሠርግና በበዓል ሲሰማ ማንም አይፈራም፤ ሰሚዎቹ ሥርዓቱን ስለሚያውቁት የሚሰሙት እንደ ክዋኔ ነው።

ማስፈራራት እንዴት ይሠራል?

ሰው አደጋ ሲያይ ወይም አደጋ እንዳለ ሲነገረው በአንጎሉ ውስጥ አሚግዳላ የሚባለው ክፍል በፍጥነት ይነቃል። ሰውነት አድሬናሊን ያመነጫል፤ ልብ በኃይል ይመታል፤ አፍ ይደርቃል፤ እጅ ይንቀጠቀጣል። አሜሪካዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ዋልተር ካነን በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ ይህን ሁኔታ ሰውነት ለመታገል ወይም ለመሸሽ የሚያደርገው ዝግጅት መሆኑን ገልጿል። ከእነዚህ ከሁለቱ ሌላ ደርቆ መቅረትም አለ፤ ሰውየው መናገርም መንቀሳቀስም ያቅተዋል። በዚህ ሁኔታ ውስጥ የነበረን ሰው ዝምታ እንደ ፈቃድ መቁጠር ስሕተት ነው።

ፍርሃት ረጋ ብሎ የማሰብን ጊዜ ይቀንሳል። ስለዚህ አስፈራሪዎች ችኮላን ይወዳሉ፤ «አሁኑኑ ፈርም»፣ «እስከ ማታ ካላመጣህ» ይላሉ። ሁለተኛው መሣሪያቸው ብቸኝነት ነው፤ «ለማንም እንዳትናገር» የሚለው ቃል ያልገባበት ማስፈራሪያ ጥቂት ነው። ሦስተኛው አሻሚነት ነው። «ታገኛታለህ»፣ «ቆይ ብቻ»፣ «እንተያያለን»፣ «ወዮልህ»፣ «ማን መሰልኩህ?» የሚሉት የተለመዱ አባባሎች ምን እንደሚደረግ አይናገሩም። ሰሚው ባዶውን ቦታ በራሱ ሐሳብ ይሞላዋል፤ የሚሞላውም በጣም በሚፈራው ነገር ነው። ተናጋሪው ሲጠየቅ ደግሞ «ምን አልኩ?» ለማለት ይመቸዋል።

ማስፈራሪያ አንድ ጊዜ ከሠራ በኋላ መደገም ላያስፈልገው ይችላል። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» እንደሚባለው፣ አንድ ጊዜ የተደበደበ ሰው ከዚያ በኋላ የእጅ መነሣት ወይም የበር መንኳኳት ብቻ ሊበቃው ይችላል። ከውጭ የሚያይ ሰው «ምንም አላደረገውም እኮ» የሚለው ያለፈውን ስለማያውቅ ነው።

በእንስሳት ዘንድም ማስፈራራት አለ። በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ የሚገኘው ጭላዳ ሲቆጣ የላይኛውን ከንፈሩን ወደ ላይ ገልብጦ ድዱንና ጥርሱን ያሳያል፤ ቅንድቡንም ወደ ኋላ ስቦ ነጣ ያለውን የዓይኑን ቆብ ብልጭ ያደርጋል። በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የሚጎበኙ ሰዎች ይህን ማየት ይችላሉ። ድመት ጸጉሯን ታቆማለች፤ ውሻ ያጉረመርማል። ይህ ሁሉ ሳይነካከሱ ለመለያየት ስለሚረዳ ለሁለቱም ወገን ይጠቅማል። የሰው ማስፈራራት ግን ብዙ ጊዜ በመለያየት አያበቃም፤ የተሸነፈው ወገን ከአስፈራሪው ጋር በአንድ ቤት ወይም በአንድ ቢሮ መኖሩን ይቀጥላል።

በዕለት ተዕለት ኑሮ

ልጆችን ማስፈራራት

ብዙ ሰው ከማስፈራራት ጋር የሚተዋወቀው በልጅነቱ ነው። «አያ ጅቦ ይበላሃል»፣ «ጭራቅ ይመጣል»፣ «ለፖሊስ እሰጥሃለሁ»፣ «ሐኪሙ መርፌ ይወጋሃል» የሚሉት የታወቁ ናቸው። ወላጆች ይህን የሚጠቀሙት ቶሎ ስለሚሠራ ነው፤ ልጁ ወዲያው ዝም ይላል። ችግሩ የሚመጣው በኋላ ነው። በሐኪም ሲፈራራ ያደገ ልጅ ታሞ ጤና ጣቢያ ሲወሰድ ይጮኻል፤ በፖሊስ ሲፈራራ ያደገም በመንገድ ቢጠፋ ሊረዳው ከሚችለው ፖሊስ ይሸሻል። ጅቡ አለመምጣቱን ያወቀ ልጅ ደግሞ የወላጁን ቃል ማመን ይተዋል። ከዚህ የተለየው መንገድ እውነተኛውን ምክንያት በልጁ አቅም መንገር ነው፤ «እሳቱ ያቃጥልሃል» ማለት ማስጠንቀቂያ ነው፤ «እሳቱን ከነካህ ጅብ ይወስድሃል» ማለት ግን ማስፈራራት ነው።

በቤትና በትዳር

በትዳር ውስጥ ማስፈራራት ከድብደባ ጋር አብሮ ሊኖር ይችላል፤ ያለ ድብደባም ሊኖር ይችላል። ዕቃ መስበር፣ በር መዝጋት፣ «ልጆችሽን አታያቸውም»፣ «ከቤት አወጣሃለሁ»፣ «ራሴን አጠፋለሁ» እያሉ ሌላውን ወገን መያዝ ከሚታዩት መንገዶች ናቸው። ጎረቤት ደም ወይም ቁስል ስለማያይ እንደ ተራ የባልና ሚስት ጭቅጭቅ ይቆጥረዋል። ሽማግሌዎች ለማስታረቅ ሲቀመጡም አንደኛው ወገን በፍርሃት ዝም ማለቱን «ተስማምቷል» ብለው እንዳይወስዱት ሁለቱን ለየብቻ ማነጋገር ይጠቅማል።

በትምህርት ቤትና በሥራ ቦታ

በትምህርት ቤት ጉልበተኛ ተማሪዎች ትንንሾቹን ገንዘብና ደብተር ሲቀበሉ የሚጠቀሙበት ቃል ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፦ «ስትወጣ እንገናኝ።» መምህር ተማሪን በውጤት፣ አለቃ ሠራተኛን በእንጀራው ሊያስፈራራ ይችላል። «ካልተመቸህ በሩ ክፍት ነው» የሚለው ንግግር በራሱ ወንጀል አይደለም፤ ሕጋዊ ዕረፍቱን ወይም ደመወዙን ለጠየቀ ሠራተኛ መልስ ሆኖ ሲሰጥ ግን ማስፈራሪያ ነው። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ያጸደቀው ስምምነት ቁጥር 190 በሥራ ዓለም የሚፈጸም ጥቃትና ትንኮሳን ሲተረጉም ድርጊቱን ብቻ ሳይሆን የድርጊቱን ዛቻም ይጨምራል።

በስደት ሥራ

የዚሁ ድርጅት የግዳጅ ሥራ ስምምነት ቁጥር 29 (እ.ኤ.አ. 1930) የግዳጅ ሥራን ሲተረጉም በማናቸውም ቅጣት ማስፈራሪያ ሥር ያለ ፈቃድ የሚሠራ ሥራ ይለዋል። ድርጅቱ የግዳጅ ሥራን ለመለየት ካወጣቸው 11 ምልክቶች መካከል «ማስፈራራትና ዛቻ» አንዱ ሲሆን፣ ፓስፖርት መያዝ፣ ደመወዝ መከልከልና ሰውን ከሌሎች መለየትም ይገኙበታል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የቤት ሠራተኛ ፈቃድ ከአሠሪው ጋር የሚታሠረው ከፋላ በሚባለው አሠራር ነው። በዚህ አሠራር «ለፖሊስ እሰጥሻለሁ» ወይም «ወደ አገርሽ እመልስሻለሁ» የሚል ቃል ለአንዲት ኢትዮጵያዊት ሠራተኛ ከዱላ ያላነሰ ኃይል ሊኖረው ይችላል፤ ለጉዞዋ የተበደረችው ገንዘብ ገና ያልተከፈለ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ይከብዳል።

ሕዝብን ማስፈራራት

በታሪክ መንግሥታትና ታጣቂዎች ማስፈራራትን ለመግዣነት ተጠቅመዋል። በኢትዮጵያ ከሚታወቁት ምሳሌዎች አንዱ ከ1969 እስከ 1970 ዓ.ም. በደርግ ዘመን የተካሄደው ቀይ ሽብር ነው። ሊቀመንበር መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. በአብዮት አደባባይ (በዛሬው መስቀል አደባባይ) ባደረጉት ንግግር ደም የሚመስል ቀይ ነገር የተሞሉ ጠርሙሶችን በሕዝብ ፊት ሰባብረዋል። በዚያ ዘመን የተገደሉ ወጣቶች አስከሬን በየመንገዱ ይጣል ነበር፤ ቤተሰብም አልቅሶ እንዳይቀብር ይከለከል ነበር። ጠርሙሱ፣ አስከሬኑና የልቅሶው ክልከላ መልእክታቸው ለሟቾቹ ሳይሆን በሕይወት ላሉት ነበር። የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ1999 ዓ.ም. መንግሥቱን በሌሉበት በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ ብሏቸዋል። የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየምም ዛሬ በዚያው መስቀል አደባባይ አጠገብ ይገኛል።

መራጮችን ማስፈራራትም የቆየ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን በእንግሊዝ መራጭ ድምፁን የሚሰጠው በሰው ፊት በግልጽ ስለነበር ባለ መሬቱና አሠሪው ማን ማንን እንደመረጠ ያውቁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1856 በአውስትራሊያ የቪክቶሪያና የደቡብ አውስትራሊያ ግዛቶች፣ በ1872 ደግሞ በብሪታንያ ምርጫ በሚስጥር እንዲሆን ተደነገገ። ይህ ዘዴ አስፈራሪውን አልቀጣውም፤ ማስፈራሪያው እንዲሠራ የሚያስፈልገውን ዕውቀት ነው ያሳጣው። ማን እንደመረጠው የማያውቅ ሰው ማንን እንደሚበቀልም አያውቅም። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 38ም ምርጫ በሚስጥር ድምፅ እንዲሰጥ ይደነግጋል።

በኢንተርኔትና በስልክ

ኮምፒውተርና ስልክ ማስፈራሪያን ርካሽ አድርገውታል። ቀድሞ አስፈራሪው ፊት ለፊት መምጣት ነበረበት፤ አሁን ስሙን ደብቆ ከሌላ አገር ሊጽፍ ይችላል። ከተለመዱት መካከል የሚከተሉት ይገኛሉ፦

• የግል ፎቶ ወይም ቪዲዮ ይዞ «ገንዘብ ካልላክሽ ለቤተሰብሽ እልከዋለሁ» ማለት።
• «ኮምፒውተርህን ጠልፌዋለሁ፣ በካሜራህ ቀርጬሃለሁ» የሚል ኢሜይል ለብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ መላክ። ብዙውን ጊዜ ላኪው ምንም የያዘው ነገር የለም፤ ከሚደርሳቸው ሰዎች ጥቂቶቹ እንደሚደነግጡ ብቻ ያውቃል።
• «ስልክዎ በቫይረስ ተይዟል» የሚል የውሸት መስኮት አሳይቶ የማይፈለግ ፕሮግራም ማስጫን።
• ከባንክ ነኝ ብሎ ደውሎ «ሂሳብዎ አሁን ይዘጋል» በማለት የይለፍ ቁጥር መጠየቅ።

እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 በብዙ አገሮች የተሠራጨው ዋናክራይ የተባለው ጎጂ ፕሮግራም የፍርሃትን አሠራር በግልጽ ያሳያል። ፕሮግራሙ የኮምፒውተሩን ፋይሎች ከቆለፈ በኋላ 300 ዶላር በቢትኮይን እንዲከፈል የሚጠይቅ ቀይ መስኮት ያሳይ ነበር። በመስኮቱ ላይ ወደ ኋላ የሚቆጥር ሰዓት ነበረበት፤ ከሦስት ቀን በኋላ ክፍያው እጥፍ እንደሚሆን፣ ከሰባት ቀን በኋላ ደግሞ ፋይሎቹ እንደሚጠፉ ይናገር ነበር። የብሪታንያ ሆስፒታሎችም ከተጎዱት መካከል ነበሩ። ፋይሎቹን ለመቆለፍ ሰዓቱ አያስፈልግም ነበር፤ የተቀመጠው ባለቤቱ ሳያማክርና ሳያስብ እንዲከፍል ነው።

በኢትዮጵያ ሕግ

ማስፈራራት በወንጀልም በፍትሐ ብሔርም ሕግ ውስጥ ቦታ አለው።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 580 ሌላውን ሰው ከባድ አደጋ ወይም ጉዳት ይደርስብሃል ብሎ በማስፈራራት ሰላሙን የነሣን ሰው ይቀጣል። ክሱ የሚቀርበው ተጎጂው አቤቱታ ሲያቀርብ ነው። ዛቻው ገንዘብ ለመቀበል ወይም ሰውን ለማስገደድ ከሆነ ደግሞ ሌሎች ከበድ ያሉ አንቀጾች ይሠራሉ።

የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 13 በኮምፒውተር ሥርዓት አማካይነት በጽሑፍ፣ በድምፅ፣ በቪዲዮ ወይም በሥዕል ሰውን ወይም ቤተሰቡን በከባድ አደጋ ማስፈራራትን እስከ ሦስት ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት፣ ነገሩ ከባድ ሲሆን እስከ አምስት ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ያስቀጣል። መልእክት በመደጋገም ወይም ግንኙነቱን በመከታተል ሰውን ማስጨነቅም በዚሁ አንቀጽ ወንጀል ነው።

በምርመራ ጊዜ ፖሊስ ተጠርጣሪን እንዳያስፈራራ የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 31 ይከለክላል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19ም በማስገደድ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት እንደሌለው ይናገራል። ምስክሮችን በተመለከተ የጠቋሚዎችና ምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 ማንነትን መደበቅን የመሳሰሉ የጥበቃ መንገዶችን ዘርዝሯል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ውል የሚናገረው ክፍል ማስፈራራትን ከሌሎች ነገሮች በጥንቃቄ ይለያል፦

• አንቀጽ 1706፦ በራስ፣ በወላጅ፣ በተወላጅ ወይም በትዳር ጓደኛ ሕይወት፣ አካል፣ ክብር ወይም ንብረት ላይ ከባድና የቀረበ አደጋ ይደርሳል በሚል ፍርሃት የተፈረመ ውል ሊፈርስ ይችላል። ፍርሃቱ ተገቢ መሆኑ ሲመዘን የሰውየው ዕድሜ፣ ጾታና ሁኔታ ይታያል።
• አንቀጽ 1708፦ «መብቴን በሕግ እጠይቃለሁ» ማለት ብቻውን ውልን አያፈርስም። ከመጠን ያለፈ ጥቅም ለማግኘት ከተደረገ ግን ሊያፈርስ ይችላል።
• አንቀጽ 1709፦ ወላጅን ወይም የበላይን ላለማሳዘን ከአክብሮት የመጣ ፍርሃት ብቻውን ውልን አያፈርስም። ውሉ የተደረገው ከዚሁ ከሚከበረው ሰው ጋር ሆኖ እርሱ ከመጠን ያለፈ ጥቅም አግኝቶበት ከሆነ ግን ሊፈርስ ይችላል።

የመጨረሻው አንቀጽ ከላይ የተነሣውን የክብርና የፍርሃት ጥያቄ ይመልሳል። ሕጉ አባትን ማክበርን እንደ መገደድ አይቆጥረውም፤ ነገር ግን የሚከበረው ሰው ክብሩን የሌላውን ድርሻ ለመውሰድ ሲጠቀምበት ፍርድ ቤት ሊያየው ይችላል። በፍርሃት የተዋዋለ ሰው ውሉ እንዲፈርስ መጠየቅ የሚችለው የፍርሃቱ ምክንያት ከቀረ ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ ነው (አንቀጽ 1810)። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 14 ደግሞ ራስን ወይም የቅርብ ዘመድን ከከባድና ከቀረበ አደጋ ወይም ከአደጋው ዛቻ ለማዳን ተብሎ በተሰጠ ፈቃድ የተፈጸመ ጋብቻ እንደማይጸና ይደነግጋል።

ማስፈራራትን መለየትና መከላከል

አንድ ንግግር ማስፈራራት መሆኑን ለመለየት የሚከተሉት ጥያቄዎች ይረዳሉ፦

• የሚባለውን አደጋ የሚያደርሰው ራሱ ተናጋሪው ወይም የእርሱ ሰው ነው?
• ሰሚው ቢታዘዝ የሚጠቀመው ማን ነው?
• ሰሚው ሌላ ሰው እንዳያማክር ተከልክሏል? ወይስ ጊዜ ተነፍጎታል?
• «እምቢ» ቢል ምን ይደርስበታል?

«የሚጮህ ውሻ አይነክስም» የሚለው ተረት ማስፈራሪያን መናቅ እንደሚቻል ይናገራል፤ «የፈሩት ይደርሳል» የሚለው ደግሞ በተቃራኒው ያስጠነቅቃል። ሁለቱም አንዳንዴ እውነት ስለሆኑ የሚበጀው መገመት ሳይሆን ማስረጃ መያዝና ሰው ማማከር ነው። የጽሑፍ መልእክትን አለማጥፋት፣ የስክሪኑን ፎቶ ማንሣት፣ ቀኑንና ሰዓቱን መጻፍ፣ የሰሙ ሰዎችን ማስታወስ በኋላ ለአቤቱታ ይጠቅማል። በፎቶ ለሚያስፈራራ ሰው ገንዘብ መክፈል ብዙ ጊዜ ጥያቄውን አያቆመውም፤ ፍርሃቱ እንደሚሠራ ስላረጋገጠለት እንደገና ይጠይቃል። የቀረበ የአካል አደጋ ካለ ግን መጀመሪያ ከቦታው መራቅና ለፖሊስ ማሳወቅ ይቀድማል።

በአማርኛ «ዝም አይነቅዝም» ይባላል፤ ዝምታ ጉዳት የለውም ለማለት ነው። በማስፈራራት ጉዳይ ግን ዝምታ የሚጠብቀው አስፈራሪውን ነው። ለአንድ የሚታመን ሰው መናገር ችግሩን ወዲያው ባይፈታውም፣ ማስፈራሪያው ከቆመባቸው ነገሮች አንዱን፣ ብቸኝነትን፣ ያነሣል።